ከዘራው ብቻ ጥርት ብሎ የወጣበት ፎቶ

ካሜራዬ ላይ ያለችውን «ኤ» የምትል ፊደል ሁለት ወር ሙሉ «አውቶማቲክ» ማለት ናት ብዬ ስጠቀምባት ኖሬአለሁ። አፐርቸር ፕራዮሪቲ እንደ ሆነች፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የምመርጠው እኔ፣ ካሜራው የሚመርጠው ደግሞ የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት መሆኑን የተረዳሁት አጎቴ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወስደውኝ ቤተሰባቸውን ፎቶ እንዳነሣ ባዘዙኝ ዕለት ነው።

ዝናብ ስለ ያዘን በረንዳው ሥር ተጠለልን። አጎቴና ባለቤታቸው ተቀመጡ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው ከኋላ ቆሙ፤ አጎቴ ከዘራቸውን ወደ ፊት ራቅ አድርገው ተክለው እጃቸውን አናቱ ላይ ጫኑ። ቀዳዳው ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም በጣም ሰፍቶ፣ እንደ ነበረ ሳላይ አነሣሁ፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ጥርት ብሎ የሚወጣው ካሜራው ካተኮረበት ነገር አጠገብ ያለው ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ አጉልተን ስናየው አራቱም የጅማ የማለዳ ጉም መስለዋል። ከዘራው ግን! የነሐስ ቀለበቱ፣ ቀለበቱን የያዘችው ሚስማር፣ ከሚስማሯ ሥር የጀመረው ስንጥቅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ዝንብ አርፋበት ቢሆን ኖሮ ወንድ ትሁን ሴት መለየት ይቻል ነበር። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ከዘራዬን አሳምረህ አንሥተኸዋል፤ የእኛ ተራ መቼ ነው?» አሉኝ።

ታናሹ ልጃቸው «ቀዳዳውን አጥብበው» ብሎ መከረኝ። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ የኤፍ ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በቀዳዳው ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠብባል። ሂርማታ ገበያ ቡና የሚሸጥልኝ ሰው «ትንሹ ጣሳ የበለጠ ይይዛል» ቢለኝ በሽማግሌም አንታረቅም ነበር።

ኤፍ 16 አደረግሁት። ካሜራው የጎደለበትን ብርሃን ለማካካስ 1/160 ሰከንድ የነበረውን ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ አራዘመው፤ እኔም እጄ እንዳይንቀጠቀጥ መደገፊያው እንጨት ላይ አስደግፌ ተጫንሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ እናታቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አጎቴ «አለቀ?» ብለው ዞሩ። አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ50 ዓመት በላይ አገር ባስተዳደሩበት ግቢ እኔ አራት ሰው ለግማሽ ሰከንድ ማስቆም አቃተኝ። አራቱም እንደ ጭስ ተበተኑ፤ በዚህኛውም ፎቶ ሳይነቃነቅ፣ ከነሚስማሩ ጥርት ብሎ የወጣው አጎቴ ደክሟቸው ምሰሶው ላይ ያስደገፉት ከዘራ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ለቡና ሲጠሩኝ ቦርሳዬን አይተው ከዘራውን ከሶፋው ኋላ አስገቡት።