ተረት በቁጥር አትዘዙ

ልጅ ሳለን የኔታ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ተረት ነበር። ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ያሳደደው ሰው ገደል ሲገባ የዛፍ ቅርንጫፍ ያንጠለጥለዋል። የዛፉን ሥር አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ይገዘግዙታል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰውየው ግን ከላይ ጠብ የምትል ማር አግኝቶ መላስ ይጀምራል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው ይሉን ነበር። ተረቱ ያለበት «በረላም ወይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ መሆኑን፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱትም አባ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ላቲን ስማር ያው ሰውዬ «ጌስታ ሮማኖሩም» ውስጥ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። መጽሐፉ በመካከለኛው ዘመን ለሰባኪዎች የተጠራቀመ የተረት ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱን ተረት ምሥጢራዊ ፍቺ ይከተለዋል። ሄርማን ኦስተርላይ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ላይ የእኔ ተረት 168ኛ ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ የተጻፈ የወረቀት ቅጂ መኖሩን ሰማሁ። በእጅ የተጻፈውን ማየት አማረኝ።

ምዝገባው ቀላል ነው፤ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ማስረጃ፣ ፊርማ። የፎቶ ማዘዣው ቅጽ ላይ «የሚፈለገው ክፍል» የሚል ቦታ አለ። «168ኛው ተረት» ብዬ ሞላሁ፤ 48 ዩሮም ከፈልኩ።

ስድስት ሳምንት ጠብቄ ፎቶዎቹ መጡ። እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ተረት ስፈታ እንደነበር አላወቅሁም! የዚያ ዘመን የላቲን ጽሑፍ «ኢ»ን፣ «ኡ»ን፣ «ን»ን፣ «ም»ን በተመሳሳይ አጫጭር ቋሚ ጭረት ነው የሚጽፈው፤ «ኢ» አንድ ጭረት፣ «ኡ»ና «ን» ሁለት ሁለት፣ «ም» ሦስት። መጀመሪያው መስመር ላይ የተደረደረ ጭረት አየሁና «ኡኒኮርኒስ»፣ ባለ አንድ ቀንዱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ብቆጥረው ኖሮ «ኡኒኮርኒስ» ከመጀመሪያው «ክ» በፊት አምስት ጭረት ብቻ ነው ያለው። የእኔ ስምንት ነበር። «ኢኒሚኩስ» ነው፤ ጠላት ማለት። ከዚያ በኋላ ማሩ ሲጠፋብኝ ጸሐፊው ዘሎት ይሆናል አልኩ፤ ዘንዶው ሲጠፋብኝም እንደዚያው። ሰው የሚፈልገውን ካነበበ ምሕጻረ ቃል ሁሉ ይታዘዝለታል። የካፔሊን የምሕጻረ ቃል መዝገብ አጠገቤ ዘርግቼ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት።

ሲገባኝ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዎች በኢሜይል ጠየቅኋቸው። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ ያዘዙት 168ኛውን ነው፣ የላክነውም 168ኛውን ነው። እውነት ነው፤ ጸሐፊው በቀይ ቀለም ቁጥር ሰጥቶታል። ግን የዚህ መጽሐፍ ቅጂዎች በተረት ብዛትም በቅደም ተከተልም እንደማይገጣጠሙ፣ ኦስተርላይ ራሱ በተለመዱት 181 ተረቶች ላይ ከሌሎች ቅጂዎች እየለቀመ 283 እንዳደረሳቸው ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ዛሬም ያናድደኛል። ከእነሱ ይልቅ ግን የሚያናድደኝ ጭረት ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መጨረሻ ላይ በባቡር ሄድኩ። «መምጣት አያስፈልግም፣ ፎቶው ይበቃል» ቢሏችሁ አትስሟቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። መምህሬ «መጀመሪያ ፊደሉን በሙሉ አጥና» ብሎኝ ነበር። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ አጥኑ። ፍቺው የሚጀምረው «ካሪሲሚ» በሚል ቃል ነው፤ እኛ «ፍቁራንየ» እንደምንለው። ቁም ጸሐፊው «ክ» ጽፎ፣ ሁለት ፊደል አስከትሎ፣ ከላይ ጭረት ያደርግበታል። ከአንዱ «ክ» ወደ ቀጣዩ እየዘለልኩ የየተረቱን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አነበብኩ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት «ባርላም» የሚለው ስም፣ ያው የእኛው በረላም፣ ሳያጥር ሙሉውን ተጽፎ አገኘሁት። ጸሐፊው እንዴት እንደሚያሳጥረው አላወቀም መሰለኝ። ካዘዝኩት ቦታ 31 ቅጠል ይርቃል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። በላቲኑ መጨረሻ ላይ ወዳጅ መጥቶ ለሰውየው መሰላል ይዘረጋለታል፤ መሰላሉ ንስሐ ነው ይላል ፍቺው። ሰውየው ማሩን ትቶ መውጣት እምቢ ይላል፤ ዛፉ ይወድቃል፤ ዘንዶው ይበላዋል። የየኔታ ተረት መሰላል አልነበረውም። ገልብጬ ማታውኑ ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት፤ «እኛን ያለ መሰላል ነው እንዴ ያሳደጉን?» ብላ ሳቀች።

ያን ቅጠል ፎቶ እንዲያነሱልኝ ስጠይቅ ያንኑ ቅጽ ሰጡኝ። «የሚፈለገው ክፍል» የሚለው ላይ የቅጠሉን ቁጥር በእርሳስ ከተጻፈው ወስጄ፣ ፊትና ጀርባውን ለይቼ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃላት ጨምሬ ጻፍኩበት። ቦታው ስላልበቃኝ ቅጹ ጀርባ ላይ ቀጠልኩ። 12 ዩሮ ከፈልኩ።