ለቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ጋዜጣ ስታስገቡ ንብረት ክፍልን አትርሱ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ለአንባቢዎቻችን የዲጂታል ጋዜጣ ደንበኝነት አስገብተናል። ይህን የምጽፈው ሌላ ከተማ ያላችሁ ባልደረቦች እኔ ያየሁትን ፍዳ እንዳታዩ ነው።

ወደ ጋዜጣ ክፍላችን የሚመጣው ሰው አብዛኛው ርዕሰ አንቀጽ ሊያነብ አይደለም። የሚፈልገው ክፍት የሥራ ቦታና ጨረታ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ እስኪደርስ የእሑዱ ማክሰኞ ይሆናል። ያም ሆኖ አንዱ ቀድሞ ይገባና የጨረታውን ማስታወቂያ በምላጭ ቆርጦ ይሄዳል። የቀረው ሰው በቀዳዳው የሚቀጥለውን ገጽ ያያል።

ምርጫው አላስቸገረንም። እንደ ፕሬስሪደር ያሉት የውጭ አገልግሎቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ጋዜጦችና መጽሔቶች አሏቸው፤ ግን ዶላር ከየት ይምጣ? ተውነው። አንድ የአገር ውስጥ ጋዜጣ በብርና በሕጋዊ ደረሰኝ ሊሸጥልን ተስማማ።

ለአንባቢ የይለፍ ቃል አትስጡ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከቴሌኮሙ የማይለዋወጥ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመራችሁን መለያ ቁጥር፣ ጠይቁና ቁጥሩን ለጋዜጣው ስጡ። ያኔ በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ የገባ ሁሉ ሳይጠየቅ ያነባል። በተራው መስመር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ሊቀየር ይችላል። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የክፍያ ሰነዱ ፋይናንስ ሲደርስ «ሞዴል 19 የታለ?» ተባልኩ። ለማታውቁት፣ ሞዴል 19 ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። ዲጂታል ጋዜጣ ግምጃ ቤት አይገባም ብል ማን ይስማኝ። ወደ ንብረት ክፍል መሩኝ። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ዕቃውን አምጣና ልቁጠረው» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ጋዜጣውን አሳየኋቸው። ተቀብለው ገለበጡና ጀርባውን አዩት።

«ይሄ ስልክ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ጋዜጣው ውስጡ ነው።»

«ታዲያ በሲዲ አይልኩልህም?»

«በየጊዜው አዲስ እኮ ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያው በየጊዜው ገቢ እናደርገዋለን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ፋይናንስ ለዘብ አለ። አገልግሎት ከሆነ ተጠቃሚው ክፍል «አገልግሎቱን አግኝቻለሁ» ብሎ ይጻፍ አሉ። ተጠቃሚው ክፍል እኔ ነኝ። ውሉ ግን የዓመት፣ ክፍያውም ቅድሚያ ነው። ያላገኘሁትን የዓመት አገልግሎት አገኘሁ ብዬ እንዴት ልፈርም? ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? ጋዜጣው ሳይከፈለኝ አልከፍትም ይላል፤ ፋይናንስ ሳይከፈት አልከፍልም ይላል። እንዲህ ስንባባል ሰኔ 30 ደረሰ፤ ገንዘቡ ተመላሽ ሆነ። «ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አስገባው» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። በዚያው ሰኔ ለመጋረጃ የሚሆን ብር ግን አልጠፋም። መጋረጃ ሞዴል 19 አለዋ!

በአዲሱ በጀት ዓመት ውሉን በየሦስት ወሩ ከፋፈልነው። ክፍያው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሆነ። የጋዜጣው ሰዎች አንገራገሩ፣ በኋላ ግን ተስማሙ። እኔም ያነበብነውን አነበብን ብዬ እፈርማለሁ። የግዥ ባለሙያዎች የዓመቱን በአንዴ ግዙ፣ ዋጋው ይቀንሳል ይሏችኋል። አትስሟቸው። ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። በጀቱንም ከመጀመሪያው ከአላቂ ዕቃ ሳይሆን ከአገልግሎት ርዕስ አስይዙ።

ሌላም ነገር አለ። ዲጂታል ከገባ ወረቀቱ ይቅር የሚል አለቃ አይጠፋም። እንዳትስማሙ። ደንበኝነቱ ያቋረጠ ቀን የድሮውም እትም አብሮ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ የተጠረዘው ወረቀት ግን መደርደሪያችሁ ላይ ይቀመጣል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው፤ የድሮ ጥራዝ ፍለጋ የሚመጣ ተመራማሪ አሁንም አለ።

ገጽ ፕሪንት ማድረግ እንደሚፈቀድም ውሉ ላይ አስጽፉ። የጨረታ ሰው ወረቀቱን በእጁ ካልያዘ ንቅንቅ አይልም። እኛ በገጽ ትንሽ ልናስከፍል አስበናል። ለዚያ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ከፋይናንስ ጠይቄ እየጠበቅኩ ነው። እስኪመጣ በነፃ እያተምን ነው፤ ቀለሙም እያለቀ ነው።