የ9 ሰዓቷ ጠርሙስ

ለስላሳ ከቀነስኩ ዛሬ 6 ሳምንት ሞላኝ። ቀነስኩ ነው ያልኩት፤ ተውኩ አልወጣኝም። በዚህ 6 ሳምንት ውስጥ 4 ጠጥቻለሁ። ሦስቱን አውቄ፣ አንዱን ግን እጄ ከእኔ ቀድሞ ከፍቶት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ጀግና መስዬ እንዳልታያችሁ ነው።

በፊት በቀን ሁለት እጠጣ ነበር፤ ሁለቱም የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ። አንዱ ከምሳ ጋር፣ አንዱ 9 ሰዓት ላይ። ሰው ሲጠይቀኝ «አልፎ አልፎ ነው» እል ነበር። ልዋሽ ብዬ አይደለም፤ ከልቤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ከጠረጴዛዬ ስር ያለውን ቅርጫት አየችውና «ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለችኝ። «የሳምንት እኮ ነው» አልኳት። «የስንት ቀን ነው መች አልኩህ? የማን ነው ነው ያልኩህ» አለች። ዝም አልኩ።

የጠርሙሱን ጀርባ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር ይላል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ችግሩ 100 ሚሊ ሊትር የሚጠጣ ሰው የለም፤ እሱ ሁለት ጉንጭ ቢሆን ነው። ለግማሽ ሊትሩ ሳባዛው 53 ግራም መጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ 13 ማንኪያ መሆኑ ነው። በቀን ሁለት ስለሆነ ደግሞ 26። ሻዬ ላይ 5 ማንኪያ የሚጨምርልኝ ሰው ቢመጣ ያመመው ነው ብዬ ስኒውን ከእጁ እቀማው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ተጨማሪ ስኳር ከቀን ምግባችን ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም አካባቢ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። እኔ በምሳዋ ጠርሙስ ብቻ የቀኑን ጣሪያ አልፌ፣ 9 ሰዓት ላይ እንደ አዲስ እጀምር ነበር ማለት ነው።

የከነከነኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። 13 ማንኪያ ስኳር ምላሴ ላይ እንዴት ሳይታወቀኝ ኖረ? ሞከርኩት። አንዱን ከፍቼ ግማሹን ጠጣሁና፣ ክዳኑን ሳልዘጋ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ስቀምሰው ሽሮፕ ነው፤ የሳል ሽሮፕ። ከንፈሬ ተጣበቀ። ማታ የጠጣሁት ያው ነው እኮ፣ ምንም አልተጨመረበትም። ብርዱና ጋዙ ብቻ ናቸው የሄዱት። ለካ ምላስ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነትን አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ ጋዙም እንደዚሁ ያደበዝዘዋል፤ አሲዱ ደግሞ ኮምጠጥ እያደረገ ስኳሩን ይሸፍነዋል። እኔ ጥም የሚቆርጥ ቀዝቃዛ ነገር እየጠጣሁ መስሎኝ ለስንት ዓመት ሽሮፕ ስጠጣ ኖርኩ። ለስላሳ መቀነስ የፈለገ ሰው ከምክር ሁሉ በፊት ይህቺን አንድ ሌሊት ይሞክራት እላለሁ።

አሁን ወደ ስህተቶቼ።

የመጀመሪያው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማቆሜ። በማግስቱ ከሰዓት ራስ ምታት ያዘኝ፤ ከዓይኔ ጀርባ የሚመታ ዓይነት። ስኳሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። አልነበረም፣ ካፌይኑ ነው። ቡና የማልጠጣ ሰው ነኝ፤ ግን ኮላ ነው የምጠጣው፣ ሁለቱ ጠርሙስ ሲደመር ደግሞ ወደ 100 ሚሊ ግራም ካፌይን ይጠጋል፤ አንድ ደህና ስኒ ቡና በሉት። ካፌይን የለመደ ሰው ሲያቆም ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ጥቂት ቀናት ይቆያል። የእኔ በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝ። አንዷን ቀንሼ፣ ሳምንት ቆይቼ ሌላዋን ብነካት ኖሮ ይህን ሁሉ አላይም ነበር። እንግዲህ ችኩል ነኝ።

ሁለተኛው ስህተት ጁስ ነው። ይሄኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ እየጠጣሁ «አሁንስ ሰው ሆንኩ» እያልኩ በራሴ ስኮራ ነበር። የብርቱካን ጭማቂ በ100 ሚሊ ሊትር ከ8 እስከ 9 ግራም ስኳር አለው። ከተውኩት ምንም ያህል አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅትም የጭማቂን ስኳርና ማርን ቀንሱ ከሚላቸው ጋር ነው የሚቆጥራቸው፤ ፍሬውን እንዳለ ስንበላው ግን አይቆጥረውም። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ ተቀምጬ አራት ብርቱካን ልብላ ብል ግን ሁለተኛው ላይ እጠግባለሁ። ስለዚህ አሁን ብርቱካን እበላለሁ፣ አልጠጣውም።

ስኳር አልባውን ለስላሳም ለጥቂት ቀን ሞክሬዋለሁ። ካሎሪ የለውም፣ እውነት ነው። ለእኔ ግን አልሠራም፤ ምላሴ ጣፋጩን መጠበቁን አላቆመም። አሲዱም እንዳለ ነው። ይህን የነገረኝ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን መሟሟት የሚጀምረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ኮላ ደግሞ ስኳር ኖረውም አልኖረውም ከ2.5 እስከ 3 አካባቢ ነው። «ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ፣ ግን ቀስ እያልኩ» አልኩት፤ ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ። ሳቀብኝ። ቀስ እያሉ ለሁለት ሰዓት መጎንጨት ከሁሉ የባሰ ነው አለኝ፤ ምራቅ አሲዱን የሚያጥብበት ፋታ አያገኝማ። ጠጥቶ ወዲያው መቦረሽም አይመከርም።

የምሳዋ ጠርሙስ ሳታስቸግረኝ ሄደች። ውሃ ተካኋት፣ በሦስተኛው ቀን ረሳኋት። የ9 ሰዓቷ ግን አልሄድ አለች። ጠረጴዛዬ ላይ ውሃ አለ፣ ጠጥቻለሁ፣ አልጠማኝም፣ አልራበኝም፤ ግን 9 ሰዓት ሲሆን እግሬ ይቁነጠነጣል። ምንድን ነው የምፈልገው? አንድ ቀን ዝም ብዬ ተነሣሁና ወደ ፍሪጁ ሄድኩ፣ ባዶ እጄን መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ደቂቃዎች አለፉ። አንዱ ባልደረባዬ እያለፈ «ምን ሆንክ?» አለኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ቆሜያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ጠርሙስ የያዘን ሰው ማንም ምን ሆንክ አይለውም። ያቺ ጠርሙስ ለእኔ ከወንበሬ የምነሣበት ፈቃድ ነበረች፤ 53 ግራሙ ስኳር ለፈቃዱ የምከፍለው ክፍያ ነው። ክዳኗ ሲከፈት የምታሰማው «ጭስ» የሚል ድምፅ፣ ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርገው ጋዝ፣ መስኮቱ፣ አሥር ደቂቃው፤ የናፈቀኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ አሁን 9 ሰዓት ላይ በጣም የቀዘቀዘ ጋዝ ያለው ውሃ እከፍታለሁ። «ጭስ» ይላል። ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ (ሎሚም አሲድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሳልጎትተው ነው የምጨርሰው)። አንዳንድ ቀን ማታ ዝንጅብልና ናና ዘፍዝፌ ያሳደርኩትን ነው የምይዘው። ሻይ አቀዝቅዤ ያለስኳር ሞክሬ ነበር፤ ለሌላ ሰው ይሆናል፣ ለእኔ ቅጠል መላስ ሆነብኝ።

እጄ ቀድሞ የከፈታት ያቺ አንዷ? ሥራ የተበላሸበት ቀን ነው። እስክትጋመስ ድረስ ምን እየጠጣሁ እንደሆነ አላወቅኩም። ከዚያ አወቅኩና ጨረስኳት። ጣፋጭ ነበረች፤ ልዋሽ አልችልም።

ትናንት እህቴ መጥታ ፍሪጁን ከፈተች። ከታች ከአትክልቱ ጀርባ አንድ ግማሽ ሊትር ተኝታለች። አወጣችና አሳየችኝ።

«ለእንግዳ ነው» አልኳት።

«እንግዳው ማን ነው?» አለችኝ።