በፊኛ ጀልባ ሐይቅ ላይ

ደሴ መናኸሪያ ረዳቱ ቦርሳዬን ብድግ አደረገና «ድንኳን ነው?» አለኝ። ጀልባ ነው ስለው ሳቀ፤ የጭነት ግን አስከፈለኝ። በአየር የሚነፋ ካያክ ነው። ሲታጠፍ አንድ ትልቅ ቦርሳ ያክላል፣ ተሸክመው ሲሄዱ ያስረግማል።

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እየወረድን ስንሄድ የደሴ ብርድ ለቀቀንና ጃኬቴን መንገድ ላይ አወለቅኩ።

ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ በፓምፕ መንፋት ጀመርኩ። ልጆች ከበቡኝ። መረባቸውን እያራገፉ የነበሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት መጥተው ጎኑን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉትና «ይሄ ፊኛ እሾህ ቢነካውስ?» አሉኝ። መልስ የለኝም። ዝም ብዬ ላይፍ ጃኬቴን አጠበቅኩ፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ላይ «ዋና እችላለሁ» የሚባል ጉራ አይሠራም።

ገባሁ። ሦስቴ ቀዘፍኩና ዞርኩ። እንደገና ቀዘፍኩ፣ እንደገና ዞርኩ፣ አፍንጫው ተመልሶ ልጆቹን አየ፤ እነሱም አጨበጨቡልኝ። ቀኝ እጄ ከግራው ይበረታል፣ በዚያ ላይ የሚነፋ ካያክ ቀላልና ሰፊ ስለሆነ ውሃውን አይቆርጥም፣ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ተብሎ ከሥሩ የሚሰካ፣ አቅጣጫ የሚያስይዝ ትንሽ ክንፍ አለው። የኔ ክንፍ አዲስ አበባ፣ አልጋዬ ሥር ቀርቷል።

«አብሽር!» አሉ አባት ከዳር። «ውሃውን አትይ፣ ማዶ እይ! ወገብህስ የት ሄደ?»

ማዶ አንድ ዛፍ መረጥኩ። መቅዘፊያውን በክንዴ መሳብ ትቼ ከወገቤ ዞር እያልኩ፣ እግሬ አጠገብ አስገብቼ ዳሌዬ ጋ ሲደርስ ማውጣት ጀመርኩ። ሄደ! ጠመም ጠመም እያለ፣ ግን ሄደ።

ከውሃው ላይ ሆኜ የእስጢፋኖስን ገዳም አየሁ። ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ገጥሟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ጋ ሊማር የመጣው ሁሉ ያለ ክንፍ ነው የተሻገረው ብዬ ትንሽ አፈርኩ።

ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። ስሄድ ከጀርባዬ ነበርና ሳላውቀው ርቄያለሁ፤ መመለሻው ላይ አሳየኝ። መውጣት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው፣ ሲደክም እሱ ራሱ ይመልሳል። ቢሾፍቱ የሞከርኩትን ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰሌዳ ባለማምጣቴ ደስ አለኝ። እሱ ላይ ነፋስ ሲመጣ ሰውየው ራሱ ሸራ ይሆናል።

ዳር ስደርስ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አዝዤ ስጠብቅ አባት «እስቲ» ብለው ካያኩ ላይ ተቀመጡ። ቀጥ ብለው ሄዱ፣ ቀጥ ብለው ተመለሱ። ያለ ክንፍ።

«ፊኛው ደህና ነው» አሉኝ በሁለቱም ጫፉ የሚቀዘፍበትን መቅዘፊያ እያገላበጡ። «ይሄ ግን ሁለት ምላስ ነው፣ አይታመንም።»