ኮፋኖ ከመክፈታችሁ በፊት ከሥሯ ግቡ፦ ከአንዲት ኤምጂቢ ጋር ሁለት ዓመት

እኔና መኪናዋ ሁለት ዓመት ሞላን። በርሚንግሃም ውስጥ ከቤቴ አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ጠባብ ጋራዥ ተከራይቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነው የምውለው። ኤምጂቢ ጂቲ ናት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1971 ሥሪት፣ 1798 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተር። እስካሁን የሠራሁትንና ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። ያበላሸሁት ይበልጣል።

ለማታውቋት በአጭሩ። ኤምጂቢ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ ከ1962 እስከ 1980 ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን በምትባል ከተማ ነው ስትሠራ የኖረችው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥታለች፣ ስለዚህ ብርቅ አይደለችም። ለጀማሪ የምትመከረውም ለዚህ ነው፤ የማይገኝላት ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ባዶ ቦዲ እንኳ እንደ አዲስ ይመረትላት ጀምሯል። ጣሪያ ያላት ጂቲ የመጣችው በ1965 ሲሆን ቅርጿ ላይ የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና እጅ አለበት። ይሄን ሳውቅ ደስ አለኝ። እኔ መኪና የተማርኩት አዲስ አበባ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ክረምት ክረምት ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚያስነሣውን) እያጸዳሁ ነው። አፌ የሚያውቀው ከጣሊያንኛ የመጣውን ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ነው። እዚህ መለዋወጫ ሱቅ ደውዬ የእንግሊዝኛ ስሙ እስኪመጣልኝ ሰውየው "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል።

የገዛኋት ከግለሰብ ነው። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ ቁልፍ እንደነካ ተነሣ። እኔም ኮፋኖውን ከፍቼ ድምፁን እያዳመጥኩ ቀለጥኩ። አጎቴ ያሳየኝ አንድ ዘዴ ነበር፦ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቦዲው ላይ ታሳልፋለህ፣ ላሜራ ከሆነ ይይዛል፣ ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛ ልስን) ከሆነ ይወድቃል። ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ሰውየው ሻይ አፍልቶ፣ ልጆቹን አስተዋውቆኝ፣ እንዴት ብዬ ፊቱ ላይ መኪናውን ልመርምር? ይሉኝታ ነው ሌላ አይደለም። ያች ይሉኝታ እስካሁን ከሁለት ሺህ ፓውንድ በላይ አስወጥታኛለች።

የመጀመሪያውን ክረምት ሞተሩ ላይ ጨረስኩት። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አወረድኩ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ቀየርኩ፣ የቫልቭ ክዳኑን ቀለም ቀባሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ጨዋታ ነበር። አንድ ቀን የኋላ ጎማ ልፈታ ክሪኩን ከበሩ ሥር አስገብቼ ማንሣት ስጀምር መኪናዋ አልተነሣችም። ክሪኩ ነው ወደ ላይ የገባው። ቀስ እያለ፣ ዳቦ ቆሎ ሲቆረጠም የሚሰማውን ድምፅ እያሰማ። ከዚያ የዛገ ብናኝ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ተነሥቼ የሾፌሩን በር ልከፍት ብል እምቢ አለኝ፤ ቦዲው ታጥፎ በሩን ነክሶታል።

ኤምጂቢ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም። ሸክሙን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። በተለይ ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሳጥን መሳይ ላሜራ ወገቧ ነው በሉት። ከውጭ ሲያዩት አንድ ላሜራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን መሃል ለመሃል የሚያልፍ ሌላ ላሜራ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የውስጠኛው። እርጥበት በመሃል ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ ዝገት ስታዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። የኔ ላይ ደግሞ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው፣ ከብዙ ዓመት በፊት ይሁን በቅርብ እንጃ፣ በበሰበሰው ላሜራ ላይ አዲስ ላሜራ ለብዶበት፣ በስቱኮ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶታል። ያንን ስቱኮ ስፍቀው አንድ ባልዲ ሞላ።

ወገቧን ለመጠገን ሞተሩን ማውጣት ነበረብኝ። በአዲስ ቀለም፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን።

አሁን ብየዳው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ወገቧን ስትቆርጡ መኪናዋ መሃል ላይ መርገብ ትፈልጋለች። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ሸክሟ እኩል ተከፋፍሎ በቋሚ መደገፍ አለባት፣ የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ቱቦላሬ ብረት ይወጠራል። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት። የፊት ፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው) በብሎን ስለታሰረ ይፈታል፣ መፈታትም አለበት፤ የላሜራው ጫፍ እሱ ሥር ነው የሚገባው። የኋላው ፓራፋንጎ ግን የተበየደ ነው፣ እሱን ከሥሩ መቁረጥ ግድ ይላል። "ሳልፈታ ከላይ ደርቤ ልበይደው" የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ የኔን ባልዲ አስታውሱ።

ግራውን ስጀምር የበሩ ክፍተት ከላይም ከታችም 5 ሚሊሜትር ነበር። ብየዳው እጄ ላይ ጥሞኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ሄድኩበት። ሲቀዘቅዝ ለካሁ፦ ከላይ 3፣ ከታች 6። ሙቀቱ ላሜራውን ጎትቶታል። በሩ ሲዘጋ ጫፉ ምሰሶውን ይነካል፣ አዲሱን ቀለም ይልጣል። አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አየሁትና በማግስቱ በግሪንደር ቆርጬ አወጣሁት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር በይዶ ወደ ሌላው ጫፍ መዝለል፣ ማቀዝቀዝ፣ በሩን ዘግቶ ማየት፣ እንደገና ሁለት ሳንቲሜትር። አሰልቺ ነው። ቀኙ ስድስት ቅዳሜ ወሰደብኝ፣ ክፍተቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲያልቅ ውስጡን በሚረጭ ሰም ሞላሁት፣ ያ ካልተደረገ ዝገቱ ነገ ይመለሳል።

ስለ መፍቻ አንድ ነገር። የዚች መኪና ብሎን በኢንች ነው። ቁጥር 13 ቺያቬ (ባለ 13 ሚሊ መፍቻ) ግማሽ ኢንች ዳዶ (ነት) ላይ ይገባል፣ የሚሠራም ይመስላል። ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ነው፣ ያች 0.3 ሚሊ የዛገ ዳዶ ላይ ጠርዙን በልታ ታሞለሙለዋለች። እኔ አራት ዳዶ ካሞለሞልኩ በኋላ ነው የኢንች ቺያቬ የገዛሁት። መጀመሪያ እሱን ግዙ።

ኤሌክትሪኩ ብዙ አላስቸገረኝም፣ አንዴ ብቻ። ቀኝ ፍሬቻ ሳበራ የፊት ትንሹ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ፊውዝ ቀየርኩ፣ አምፖል ቀየርኩ፣ ምንም። የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ጫፍ) ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ቤት ላይ አድርጌ መብራቱን ሳበራ 3 ቮልት ገደማ አሳየ፤ ዜሮ ሊጠጋ ይገባው ነበር። ማሳው ነው። የሚታሰርበትን ቦታ እስከ ነጭ ብረቱ ፍቄ መልሼ አሰርኩት፣ አለቀ። ባትሪዋ ራሷ ጉደኛ ናት፦ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣሉ። ማንም ስለማያያቸው ማስቀመጫቸው በዝገት ነው የሚያልቀው። የናንተንም ነገ ከፍታችሁ እዩ።

ካርቡሬተሩ ጋ ስመጣ ደግሞ ያው ጥፋት በሌላ ልብስ መጣ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ላይ ስቆም ይጠፋል። ሦስት ቅዳሜ ሁለቱን ካርቡሬተሮች ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። በመጨረሻ የሞተሩን ድምፅ ቀድቼ በዋትስአፕ ለአጎቴ ላክሁለት። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጋራዡን ከዘጋ ቆይቷል። ማታ መለሰልኝ፦

"አንተ ልጅ፣ ካርቡሬተሩን ልቀቅና ፑንቲናውን እየው። ሁለት ካርቡሬተር ባንድ ቀን አይታመምም።"

"ጋሼ፣ ፑንቲናውን እኮ አምና አዲስ ነው ያስገባሁት።"

"አምና! አምና ምን በላህ፣ ታስታውሳለህ?"

የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አነሣሁ። ፑንቲና እዚያ ውስጥ ያለች፣ ኤሌክትሪኩን እያቋረጠች እሳት የምታስነሣ ትንሽ መገናኛ ናት። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ መሆን ሲገባው 0.2 ሚሊዋ የመለኪያ ቅጠል እንኳ በግድ ነው የገባችው። የምትፈጋፈገው ፕላስቲክ ተበልታ ክፍተቱ ጠቦ ኖሯል። አሥር ደቂቃ ሥራ። እኔ ሦስት ቅዳሜ።

ከዚያ ወዲህ ሁሌም በዚህ መንገድ ነው የምሄደው፦ መጀመሪያ የቫልቩ ክፍተት፣ ከዚያ ፑንቲና፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት)፣ ካርቡሬተር መጨረሻ። የፊተኛው ሳይስተካከል የኋለኛውን መንካት ጥፋት በጥፋት ላይ መደረብ ነው። ካርቡሬተሩ ራሱ ሲደርስ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። አጭር የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን አየር መሳቢያው አፍ ላይ አድርጌ የሁለቱን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ እኩል "ሽሽሽ" እስኪሉ ድረስ። ቀጥሎ ከጎኑ ባለችው መርፌ የካርቡሬተሩን ፒስቶን አንድ ሚሊ እንኳ ለማይሞላ ከፍ አደርጋለሁ። ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ሊጠፋ ከዳዳው አንሶታል፣ ትንሽ ጨምሮ ወዲያው ከተመለሰ ልክ ነው። ማረጋገጫው ካንዴላው ነው። ጥቁር ጥላሸት ካለው በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል። የኔ አሁን እንደ አምባሻ ጀርባ ቡናማ ሆኖልኛል። ፎቶ አንሥቼ ለአጎቴ ስልክለት "ቆንጆ" ብሎ ብቻ መለሰ፤ ከሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቤንዚን ካነሣን፣ እዚህ አገር ከመስከረም 2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። የድሮ የጎማ ቱቦ ይበላል። የኔ አንዱ ቱቦ ሲጨመቅ እንደ ደረቀ ቆዳ ሲሰነጠቅ ነው ያየሁት፣ የሞቀ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በቅርብ ርቀት እያለ። ሁሉንም ኢታኖል በሚችል ቀየርኩ፣ ዋጋው ቢያምም ውዱን ባለ 5 በመቶውን ነው የምቀዳላት።

ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና እዚህ የመንገድ ግብር አትከፍልም፣ እስካልተለወጠች ድረስም ዓመታዊ ምርመራው አይገደድባትም። እኔ ግን በፈቃዴ ወሰድኳት። ወደቀች፦ የኋላ ፍሬን ግራና ቀኙ አይመጣጠንም ተባለ። ቀኙን ስፈታው የፍሬን ዘይት አንጠባጥቦ ሸራውን አርሶታል። ባልወስዳት ኖሮ በዝናብ ቀን አስፋልት ላይ ነበር የማውቀው።

አሁን ያለንበት እዚህ ነው። በሮቹ በአንድ ጣት ይዘጋሉ። ሞተሩ ቀይ መብራት ላይ አይጠፋም። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ካርቶን አንጥፌላታለሁ። የፊት ጎማዎቹ መዞሪያ በየ3000 ማይሉ ግራሶ ይፈልጋል፣ የቀደመው ባለቤት ሰጥቶት አያውቅም መሰል ግራው ይላወሳል፣ የመጪው ወር ሥራ እሱ ነው። የቀረኝ ጥያቄ የጉድጓድ ንዝረት የሚያበርደው ሾክ ላይ ነው። ክንድ ያለው የድሮው ዓይነት ነው፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ዘይት ጨርሰዋል። አሳድሼ ልመልሰው ወይስ በአዲሱ ቀጥ ባለው ልቀይር? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ባሌስትራውንም (የቅጠል ሞላውን) አብራችሁ የቀየራችሁ፣ ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ።