ነርሲንግ ሆም ያሉ እናት አባቶቻችንን አፍ አውጥተን እንጠይቃቸው

ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት) ነው የምሰራው፣ መጀመሪያ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ አሁን ደግሞ ነርስ፣ እና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ እንደምታውቁት በዚህ ስራ ሐበሻ ሞልቷል። የሰው እናት በመጨረሻ ቀኗ እንዴት እንደምትያዝ ጠንቅቀን እናውቃለን፣ የራሳችን እናት ጋ ስንደርስ ግን አፋችን ይያዛል።

አዛውንቶቻችን እኮ ስለ ሞት ማውራቱን አይፈሩም። ጠዋት ሲጸልዩ "አሟሟቴን አሳምርልኝ፣ አልጋ ላይ አታቆየኝ" ሲሉ ሰምታችኋል። የምንፈራው እኛ ነን፣ እናት ገና ስትጀምር "ኧረ እማዬ ሟርት ተይ!" ብለን እንዘጋታለን፣ ከዛ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ትፈልግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

እዚህ ስቴት ነርሲንግ ሆም የገባ ሰው ሁሉ ሞልስት የሚባል ፎርም ሊኖረው ግድ ነው፣ ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር የሚፈርምበት የህክምና ትእዛዝ ነው። ልብ ቢቆም ሲፒአር (ደረት እየተጫኑ ልብን ለማስነሳት መሞከር) ይሰራ ወይስ አይሰራ፣ ለመተንፈሻ ቱቦ ይግባ ወይስ አይግባ፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ ወይ፣ ዲያሊሲስስ (ኩላሊት ሲደክም ደምን በማሽን ማጣራት)፣ በቱቦ ምግብስ፣ ሁሉም እዛ ላይ አለ። ሲፒአር አይሰራ የሚል ትእዛዝ ከሌለ እኛ 911 ደውለን ደረት መጫን ነው፣ ሌላ ምርጫ የለንም። የ90 ዓመት ሰው ጎድን ሲሰበር ከእጅ ስር ይሰማል። እንደዛ ደክመው ልባቸው ከቆመ በኋላ ድነው የሚመለሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ይሰራልኝ ያለ ይሰራለት፣ መብቱ ነው፣ ግን አውቆት ይምረጥ። አይሰራ ማለት ደግሞ ተዉት ማለት አይደለም፣ እናገላብጣለን፣ አፍ እናረጥባለን፣ ትንፋሽ ሲያስጨንቃቸው ሐኪም ያዘዘውን ሞርፊን ከምላስ ስር እንሰጣለን።

ልጆችን በጣም የሚያሰቃየው የምግቡ ነገር ነው። ዲሜንሽያ (የመርሳት በሽታ) ሲጠና መብላት ይቆማል፣ "እናቴን በረሃብ ገደልኳት ልባል ነው?" ይሉኛል። በዛ ደረጃ ፊዲንግ ቲዩብ (በቱቦ መመገብ) እድሜ እንደማያረዝም ይታወቃል፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማህበርም አይመክረውም። ቀና አድርጎ አስቀምጦ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ፣ መዋጧን እያዩ ቀስ ብሎ፣ እምቢ ስትል ደግሞ መተው፣ የሚሻለው ይሄ ነው።

አንዴ በአንዲት እናት ኬር ፕላን ሚቲንግ (ስለ እንክብካቤያቸው ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ስብሰባ) ላይ ሐኪሙ ልባቸው እየደከመ ነው፣ ከዚህ በኋላ ብዙ የምናደርገው የለም ሲል ልጃቸው በአማርኛ "ትንሽ ድካም ነው፣ መድሃኒቱን ከዋጥሽ ትድኛለሽ ብሏል" አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ እውነት እንደሱ ነው ያለው?" አሉኝ። ሶሻል ወርከሯን አስተርጓሚ ጥሪ አልኳት፣ በስልክ ተገናኘ፣ ሁሉንም ሰሙ፣ ትንሽ ዝም ብለው መጀመሪያ የጠየቁት የንስሐ አባታቸውን ነው። ልጁን አልወቅሰውም፣ ባገራችን መርዶ እንኳን ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ግን ልጅን አስተርጓሚ አናድርገው፣ ይከብደዋል። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (የመንግስት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው።

ሌላው፣ ልጆች ብዙ ከሆናችሁና እናት ስለ ህክምናዋ የሚወስንላት ወኪል ካልመረጠች በሜሪላንድ ህግ የሁላችሁም ድምጽ እኩል ነው። አንዱ ሁሉም ይደረግላት ይላል፣ አንዷ በቃ አታሰቃዩዋት ትላለች፣ እህትና ወንድም እዛው አልጋው አጠገብ ይኳረፋል። አእምሮዋ ሳይደክም አንድ ሰው ትምረጥ። ለውክልናው ወረቀት ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ጠበቃም ኖተሪም (ፊርማ የሚያረጋግጥ) አያስፈልግም፣ የተመረጠው ሰው ራሱ ግን ምስክር መሆን አይችልም።

የኛን ነገር ደግሞ ማንም አያውቅልንምና ኬር ፕላኑ ላይ አስጽፉት፦ ቁርባን፣ ቀንዲል፣ ሙስሊም ከሆኑ ሸሃዳ የሚያስብላቸው ሰው፣ ማን ያጥባቸዋል፣ እዚህ ይቀበሩ ወይስ አገር ቤት። ካልተጻፈ ሌሊት የገባው ነርስ ማንን ቀድሞ እንደሚጠራ በምን ያውቃል?

ሆስፒስ (በመጨረሻው ጊዜ ስቃይን የሚያቀልል እንክብካቤ) ሲባል ደግሞ አትደንግጡ። በሽታው በተለመደው አካሄዱ ከሄደ 6 ወር ወይም ከዛ በታች ነው ብለው ሐኪሞች ሲፈርሙ ሜዲኬር ይከፍላል፣ የሆስፒስ ሰዎች እዛው አልጋቸው ድረስ ይመጣሉ፣ የነርሲንግ ሆሙን የመኝታና የምግብ ሂሳብ ግን አይሸፍንም።

በሚቀጥለው ስትጠይቋቸው ነርሷን የሞልስቱን ፎርም አሳዩኝ በሏት፣ ከሆስፒታል በተመለሱ ቁጥርም እዩት፣ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳዩን ፎርም ቨርጂኒያ ያላችሁ ፖስት፣ ዲሲ ያላችሁ ሞስት ብላችሁ ጠይቁ።