ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ

የክበባችን አዲስ ተውኔት በአንዲት የገጠር ጎጆ ውስጥ በክረምት ሌሊት የሚሆን ነው። እናት ወንዝ ማዶ የዋለ ልጇን ትጠብቃለች፤ ዝናቡም እየቀረበ ይመጣል። የድምፅ ግብዓቱንና ማጀቢያ ሙዚቃውን ከተረከብሁ ይህ አራተኛ ሳምንቴ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ዝናብ በስልኬ ቀዳሁ። በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ግን የሚቁላላ ሽንኩርት እንጂ ዝናብ አልመሰለም። መፍትሔውን ያገኘሁት እናቴ ምስር ስታንገዋልል ነው። እህሉ ሰፌዱ ላይ ዞሮ ሲመለስ የሩቅ ዝናብ ሆኖ ተሰማኝ። ስልኩን አንድ ስንዝር ያህል አስጠግቼ ቀዳሁት፤ ለጣሪያው ጠብታ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ሽንብራ በተንሁ። ሁለቱን ኦዳሲቲ በተባለው፣ በነፃ በሚገኝ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ደራረብኋቸው፤ የምስሩን ድምፅ ዝቅ፣ የሽንብራውን ከፍ አድርጌ።

ብዙ ያደከመኝ ነጎድጓዱ ነው። ስስ ቆርቆሮ ሰቅሎ ከታች በኩል መነቅነቅ የቆየ የቴአትር ቤት ዘዴ ነው፤ ድምፁም ያምራል። ሆኖም በልምምድ ላይ ማንንም አላስፈራም። ለካ ጥፋቱ ከቆርቆሮው አልነበረም። መብራቱ ብልጭ ሲል እኔም እኩል እነቀንቅ ስለነበር ነጎድጓዱ ገና ከመጀመሪያው ከጎጆው ጣሪያ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀርብበት ቦታ አልነበረውም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትዕይንት ከብልጭታው በኋላ 6 ሰከንድ ቆየሁ፣ በሁለተኛው 3፣ መርዶው ሲመጣ ግን ምንም።

በዚያ ቀን ልምምድ እናትን የምትጫወተው ተዋናይ ብልጭታውን አይታ ጀበናውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ ነው ቀስ ብላ ጀበናውን ያስቀመጠችው። እነዚያን 6 ሰከንዶች አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁሉ አብረናት ቆጠርን።

ለሙዚቃው ክራር አስቤ ነበር። ዜማው በሙሉ ትዝታ ቅኝት ይጀምርና ከመርዶው በኋላ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ወርደው ወደ ግማሽ ትዝታ ቅኝት ይገባል። ክራሩን በትዕይንቶቹ መካከል ዳግም ለመቃኘት ጊዜ ስለሌለ ወደ ማሲንቆ ዞርን። ባለ አንድ አውታር በመሆኑ ተጫዋቹ ጣቱን ጥቂት ፈቀቅ ካደረገ ይበቃዋል። ቃለ ተውኔት በሚነገርበት ጊዜ ግን ማሲንቆው ዝም ይላል፤ በዚህ አልደራደርም።

ለእናንተም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በለካችሁት የድምፅ መጠን አትተማመኑ። ሰውና ልብስ ድምፅ ይውጣሉ። ጓደኞቻችን ወንበሩን ሞልተው ሲቀመጡ ምስሩ ጨርሶ ጠፋብኝ።

የቀረኝ የዝናቡ ማባሪያ ነው። በአንድ ጊዜ ሲቆም ቅጂ የተቋረጠ ይመስላል። አሁን ምስሩን ቀስ በቀስ እያጠፋሁ ሽንብራውን ብቻ አስቀርቼ ጠብታዎቹን እያራራቅሁ ነው። እስካሁን ደስ ያለኝ እናትየዋ በሩን ከከፈተች በኋላ አንዲት ጠብታ ብቻዋን ስትወድቅ ነው።